ዝም የምንለውስ ከማኅበሩ አይደለንምን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ በጉባኤ ብዙ ጊዜ ሲነሣ አይሰማም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተን ሰዎች እጃችንን አውጥተን የማንናገር ነን። ስለዚህ በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ቦታ፣ በማኅበርም ሆነ በጉባኤ፣ ቶሎ የሚናገር፣ ከማንም ጋር የሚግባባ፣ ሳቅና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው «ንቁ ተሳታፊ» ይባላል። ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ደግሞ ስም ይወጣለታል። አንዱ «ኩራተኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ለአገልግሎት ፍላጎት የለውም» ይላል፤ ሦስተኛው ራርቶ «ተዉት፣ ዓይን አፋር ነው እኮ» ይላል። ከሦስቱ የመጨረሻው ይሻላል እንዳትሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ቢያንስ መልስ ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ግን ሰውየውን እንደ በሽተኛ አስተኝቶ ይሄዳል።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ነው። «ጭምት ልጅ ናት» ሲባል ምስጋና ነው። «ውስጠ ወይራ ናት» ሲባል ግን ያው ዝምታ ክስ ሆኖ ይመጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉት አባቶቻችን፣ ዝምታ ለበግም አልበጃት ያሉትም እነርሱው ናቸው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ አስተዳደጋችን ነው። በብዙ ቤት ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም እንዲል፣ ሲጠየቅ ብቻ እንዲመልስ፣ ዓይኑን ሰበር እንዲያደርግ ይማራል። ሃያ ዓመት እንዲህ ያደገው ልጅ አንድ ቀን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርብና «እስቲ ስለ ራስህ ተናገር» ይባላል። ትናንት ጨዋነት የተባለው ነገር ዛሬ ጉድለት ሆኖ ይቆጠርበታል።

ከተማችን አዳማም ለጭምት ሰው ቀላል ከተማ አይደለችም። የመንገደኛ ከተማ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር በእርስዋ በኩል አልፎአል፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ፈጣን መንገድም የሚያልቀው እዚሁ ነው። ወደ አሰላ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ሁሉ ያልፍባታል። በመናኸሪያው ድምፁ የማይሰማ ረዳት ተሳፋሪ አያገኝም፤ በገበያውም ዝም ያለ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ይህ የኑሮ ግዴታ ስለሆነ አንነቅፈውም። የምንጠይቀው የመናኸሪያው ልማድ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ መግባት አለበትን? ብለን ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፈዋል። የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ጠባይ ኃይሉን ወደ ውጭ የሚያፈስና ወደ ውስጥ የሚሰበስብ ብሎ ለይቶአል። ሁለቱም ዝንባሌዎች በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ እንዳሉና አንዱ አይሎ እንደሚታይ ገልጾአል። ልዩነቱ ሰውን በመውደድና በመጥላት ላይ አይደለም። አንዱ ከብዙ ሰው ጋር ውሎ ሲበረታ፣ ሌላው ያንኑ ውሎ እየወደደው ይደክመዋል፤ ለመበርታትም ጥቂት ብቻውን መሆን ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ካወቅን ይበቃናል፤ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ።

አዳማ ለብዙ ዓመታት ናዝሬት ተብላ ስትጠራ እንደኖረች ሁላችንም እናውቃለን። ስሙን የሰጧት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጌታችን ካደገባት ከተማ ወስደው ነው። ዛሬም ብዙ ሰው በሁለቱም ስም ይጠራታል። ታዲያ ያችን የመጀመሪያይቱን ናዝሬት ቆም ብለን ብናስብ፣ ጌታችን በእርስዋ ምን ሲሠራ ኖረ? ቅዱስ ሉቃስ ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል እንደነበረ ጽፎልናል (ሉቃ. 3፥23)። ከዚያ በፊት ካለው ዘመን በወንጌል ተመዝግቦ የምናገኘው ንግግሩ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተናገረው ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ዮሴፍና እመቤታችን ሲያገኙት በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ ነበር። ከዚያም አብሮአቸው ወደ ናዝሬት ወረደ፤ እየታዘዘላቸው ኖረ። እናቱም ነገሩን ሁሉ በልብዋ ያዘችው እንጂ በመንደሩ አላወራችውም (ሉቃ. 2፥46-51)።

ዓለምን ለማዳን የመጣው ጌታ ከምድር ዕድሜው አብዛኛውን በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአናጢ ቤት፣ ስሙ ሳይነሣ አሳለፈ። ያ ዘመን ባከነ የሚል ክርስቲያን አለን? የከተማይቱ ሰዎችም በመካከላቸው ማን እንዳለ አላወቁም። በምኩራባቸው ተነሥቶ በተናገረ ጊዜ ተደነቁ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ከገደል አፋፍ ሊጥሉት ወሰዱት (ሉቃ. 4፥16-30)። ናትናኤልም ገና ሳያየው ከናዝሬት ደግ ነገር ሊወጣ መቻሉን ተጠራጥሮ ነበር። ይህ ናትናኤል ራሱ ከበለስ በታች ብቻውን የነበረ ሰው ነው። ማንም ያላየው በመሰለው ሰዓት ጌታ እንዳየው ሲነገረው ነው ያመነው (ዮሐ. 1፥46-49)። ወደ ጌታ ያመጣው ግን ተናጋሪው ፊልጶስ እንደሆነ አትርሱ። ፊልጶስ ባይጠራው ናትናኤል ከበለሱ ሥር ባልተነሣም ነበር።

ጌታችን ጭምት ነበር ብለን ወደ እኛ ወገን ልንጎትተው አይደለም። በቃና ሰርግ ተገኝቶአል፤ ከቀራጮች ጋር በማዕድ ተቀምጦአል፤ ሕፃናት ሲከቡት ደስ ብሎታል። በቅፍርናሆም ግን ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ ሲያመሽ፣ እርሱ በማለዳ ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ጸለየ። ስምዖንና ጓደኞቹ ተከታትለው ደረሱበትና ሰው ሁሉ እንደሚፈልገው ነገሩት። እርሱም አልተቆጣቸውም፤ ወደ ቀድሞው ግርግርም አልተመለሰላቸውም፤ ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አላቸው (ማር. 1፥32-38)።

ሁለተኛው ምስክራችን ኤልያስ ነው። የእርሱን ታሪክ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች በደንብ ልናስተውለው ይገባናል። በኮሬብ ተራራ ፊቱ ያለፉት ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት ነበሩ (1ኛ ነገ. 19፥11-12)። ሦስቱንም እናውቃቸዋለን። ነፋሱን በከተማችን ዳር በኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጡ የተተከሉት ነፋሳችን የማይናቅ ስለሆነ ነው። መናወጡን በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ተደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ብዙ ሕዝብም ከቤቱ ሲፈናቀል፣ እዚህ በአልጋችን ላይ ሆነን ቀምሰነዋል። የእሳቱንም ፍለጋ በመተሐራ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያየዋል፤ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ እንደ ጠቆረ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ግን እግዚአብሔር ለኤልያስ የተገለጠው በዝግታ ድምፅ ነው። ኤልያስም ፊቱን የሸፈነው ያንን ሲሰማ ነው።

ከዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ኤልያስ ወደዚያ የመጣው በቀርሜሎስ በብዙ ሕዝብ ፊት ቆሞ ድል ካደረገ በኋላ ነው። ከዚያ ታላቅ ጉባኤ በኋላ ደክሞት ብቻውን ወደ በረሃ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር በመጀመሪያ አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ በመልአክ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞም አስተኛው። ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጉባኤ በኋላ የሚደክመው አገልጋይ ሁሉ እምነቱ የቀዘቀዘ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ሐና የተጻፈውን ደግሞ የጉባኤ መሪዎች ደጋግመው ቢያነቡት እንወድዳለን። ሐና በሴሎ በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈርዋ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. 1፥12-17)። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ጸሎት እንዲህ ሆኖ ስላላየ ብቻ ነው። ዝምታን ከውጭ የሚያይ ሰው የሚመስለውን ስም ይሰጠዋል። የዔሊ መልካምነት ግን እርስዋ ስትመልስለት ማዳመጡ ነው፤ ሰምቶ ባርኮ አሰናበታት። ሐናም ዝም ብላ ተበሳጭታ አልወጣችም፤ በትሕትና አስረዳችው። እኛ ዝምተኞች ከሐና የምንማረው ይህን ነው። ስማችን ሲጠፋ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር አይከብደን!

(በዚህ አጋጣሚ የአንደበተ ርቱዕነት ነገር ከተነሣ፣ ሙሴ ምላሱ እንደሚከብድ ለእግዚአብሔር ሲያመለክት መናገር የሚችለው ወንድሙ አሮን ተሰጠው። ሙሴ አርባ ቀን በተራራ ዝም ብሎ ሲቆይ፣ ሕዝቡ የጠየቀውን የወርቅ ጥጃ የሠራለት ያው አንደበተ ርቱዑ አሮን ነው። ለሕዝብ መናገር የሚችል ሰው ለሕዝብ እንቢ ለማለትም ያን ያህል ይከብደዋል ይሆን?)

አሁን ወደ አባቶች እንምጣ። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ታሪክ አንድ ነገር ያቆየልን ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ያስመስላል። አባ አርሳንዮስ በቍስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ለንጉሥ ቴዎዶስዮስ ልጆች መምህር የነበረ፣ በኋላ ወደ አስቄጥስ በረሃ የሸሸ ታላቅ ጸጥተኛ ነው። በዚያው በረሃ በአገራችን እጅግ የሚወደደው ሙሴ ጸሊም ነበረ፤ ቀድሞ ሽፍታ፣ በኋላ መነኩሴ፣ እንግዳ ሲያይ ፊቱ የሚበራ። አንድ ወንድም ከሩቅ አገር አርሳንዮስን ሊያይ መጣ። ገብተው ተቀመጡ፤ አርሳንዮስ ምንም አልተናገረም። እንግዳው ጨነቀውና ወጣ። መሪውን ወደ ሙሴ ውሰደኝ አለው። ሙሴም በደስታ ተቀብሎ፣ አጫውቶ፣ በፍቅር ሸኘው። እንግዳው እንደ ሙሴ ያለ አላየሁም አለ፤ ማን ይፈርድበታል!

ይህን የሰማ አንድ አባት ግን ነገሩ ከነከነው። አንዱ ስለ እግዚአብሔር ስም ከሰው ይሸሻል፤ ሌላው ስለዚያው ስም ሰውን እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። የትኛው ይበልጣል? ብሎ ጸለየ። በራእይም ሁለት ታላላቅ መርከቦች በወንዝ ላይ ሲሄዱ አየ። በአንደኛው አርሳንዮስ ከእግዚአብሔር መንፈስ ጋር በፍጹም ጸጥታ ይጓዛል። በሌላው ሙሴ ከመላእክት ጋር ተቀምጦ የማር እንጀራ ይበላል። ወንዙ አንድ ነው። ያ አባት የጠየቀው የትኛው እንደሚበልጥ ነበር፤ የታየው ግን ሁለቱም በጉዞ ላይ መሆናቸው ነው። ከዚያ ታሪክ በኋላ ሙሴ አርሳንዮስን ለምን እንደ እኔ አልሆንክም እንዳለው፣ አርሳንዮስም ሙሴን ወሬኛ እንዳለው የሚናገር ቃል አልተገኘም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከቢሾፍቱ ወዲያ የሚታየው ዝቋላ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተራራ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምት 5ና በመጋቢት 5፣ በሕዝብ ይሞላል። እልልታው ያስተጋባል። በቀረው ጊዜ በአናቱ ያለው ሐይቅና ገዳሙ በጸጥታ ይኖራሉ። በዝዋይ ሐይቅም ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ የምትገኘው ደብረ ጽዮን፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ እንዳረፈችባት አባቶች ይተርካሉ፤ የብራና መጻሕፍትም በዚያ ተጠብቀው ቆይተዋል። በአደባባይ የሚቃጠለው መጽሐፍ በደሴት ዝምታ ተረፈ።

እንግዲህ እስካሁን ለዝምተኛው ጠበቃ ቆመናል። ነገር ግን ዝምታ ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም። ይህን ካልተናገርን ጽሑፋችን ግማሽ ይሆናል።

የፍርሃት ዝምታ አለ። መክሊቱን በምድር የቀበረው ሎሌ ለጌታው ያቀረበው ምክንያት ፍርሃቱን ነው (ማቴ. 25፥25)። ቅኔ የሚያውቅ፣ ድምፁ ያማረ፣ ሒሳብ መያዝ የሚችል ሰው «እኔ ጭምት ነኝ» እያለ ተደብቆ ከኖረ፣ ስሙ ይለወጥ እንጂ ነገሩ ያው መቅበር ነው። የቂም ዝምታም አለ፤ በየቤቱ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት የሚያውቁት፣ ከጩኸት የሚከፋ። የኩራት ዝምታም አይጠፋም፤ ሌላው ሲናገር በልቡ እየሳቀ የሚቀመጥ። አፉ ተዘግቶ ልቡ ሲፈርድ የሚውል ሰው ጸጥተኛ አይደለም፤ ጩኸቱ ከውስጥ ነው። ደግሞም ሰው ሲበደል እያየን የምንዘጋው አፍ አለ። መርዶክዮስ ለአስቴር የላከባት ቃል ይህን የሚመለከት ነው፤ በዚያ ሰዓት ዝም ብትል ለራስዋም እንደማይበጃት አስጠነቀቃት (አስቴር 4፥14)። አስቴርም ሦስት ቀን ጾማ፣ ፈርታ፣ ገባችና ተናገረች። ጠባይዋን አልቀየረችም፤ ንግግርዋም አጭርና የታሰበበት ነበር። የበጓ ተረት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሌላም አለ፤ ይህን በተለይ ለተናጋሪዎቹ ወንድሞቻችን አደራ እንላለን። ትናንት ሲስቅ ሲጫወት የነበረ ሰው በድንገት ዝም ካለ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ ከተለየ፣ የሚወደውን ሁሉ ከተወ፣ ያ ጭምትነት አይደለም፤ ኀዘን ወይም ሕመም ነው። ሂዱለት። ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም አብራችሁት ሂዱ። ስትሄዱም ብዙ አትናገሩ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ከእርሱ ጋር ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ወዳጆች ነበሩ (ኢዮብ 2፥13)፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይህን ጥበብ ሕዝባችን ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ፍራሽ ላይ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀምጦ የወጣውን «ምን ተናገረ?» የሚል የለም፤ «መጥቶ ነበር» ይባላል፤ ይበቃል። ለለቅሶ የምናውቀውን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ለምን እንከለክለዋለን?

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ለዚህ ጥሩ ሥርዓት አላቸው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ብቻውን ይወጣል፤ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። በዚያ ሰዓት የሚያናግረው የለም፤ ሰነፍም አይባልም። በኋላ ግን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በጉባኤም ይሰማል። ቆጠራ ያለ ነገራ፣ ነገራም ያለ ቆጠራ አይሆንም። ቅዱስ ያሬድም ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ትሉ እየወደቀ እየተነሣ ወደ ላይ ሲወጣ ዝም ብሎ አይቶ ነው የተመለሰው። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ከዚያ ዝምታ ወጣ ማለት ይቻላል።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እንዲህ ቢደረግስ? የውይይቱ ጥያቄ በዕለቱ ከሚወረወር ይልቅ በዋዜማው እሑድ ቢነገር፣ አስቦ የሚናገረው ሰው ሳምንት ሙሉ ቆጥሮ ይመጣል። ሰባ ሰው በተቀመጠበት «ሌላ አስተያየት ያለው?» ከሚባል፣ አምስት አምስት ሆነን ብንነጋገር ድምፁን ያልሰማነው ወንድም ይናገራል። ጥያቄ በወረቀት መቀበልም ነውር የለበትም። ተሳትፎ ሲመዘንም መዝሙርና ድራማው ብቻ አይቆጠር፤ ወንበር የሚያስተካክለው፣ መጽሐፍ የሚያድለው፣ የቀረውን አባል ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ይቆጠር። ሐዋርያው እንድርያስ በወንጌል ረጅም ስብከት ተጽፎለት አናገኝም። ወንድሙን ጴጥሮስን ወደ ጌታ ያመጣው፣ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘውን ልጅ ያየው፣ የግሪክ ሰዎችን ጥያቄ ከፊልጶስ ጋር ያቀረበው ግን እርሱ ነው (ዮሐ. 1፥42፤ 6፥8፤ 12፥22)። በበዓለ ኀምሳ ጴጥሮስ ሲሰብክ ሦስት ሺህ ነፍስ ተጨመረ። ጴጥሮስን ማን አመጣው?

የማርታና የማርያም ታሪክ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ አንዷ ተመስግና ሌላዋ ተወቅሳ ይቀራል። ወደ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ብናልፍ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። አልዓዛር ሞቶ ጌታ ወደ ቢታንያ ሲመጣ፣ ማርታ እንደ ጠባይዋ ሮጣ ወጥታ በመንገድ ተቀበለችው፤ ማርያም እንደ ጠባይዋ በቤት ተቀመጠች። ሁለቱም ሲያገኙት የተናገሩት አንድ ዓይነት ነው፤ አንተ በዚህ ብትሆን ወንድማችን ባልሞተ። ጌታ ለማርታ ስለ ትንሣኤ በቃል መለሰላት፤ ተነጋገረችው፤ እምነትዋንም መሰከረች። ማርያምን ደግሞ ከቤት አስጠራት። መጥታ በእግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ስለ ትንሣኤ ያን ንግግር አልደገመላትም። አብሮአት አለቀሰ። ከዚያም ሁለቱንም ይዞ ወደ መቃብሩ ሄደ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።